ዱላው ሳይደርሰኝ

ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለእህትዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ዓይንሽን አትሺው፤ ልክ ነው ያየሽው። ይኼ የልጅሽ የፌንጣ ጽሕፈት አይደለም፤ የታላቅ ወንድምሽ የገዛ እጅ ሥራ ነው። ፊደሎቹ ግራና ቀኝ ቢያዘነብሉ አትፍረጂባቸው፤ እኔም ከሥራ ስመለስ እንደዚያው ነኝ። የማታ ትምህርቱን የመጀመሪያ ዙር ባለፈው ሳምንት ጨረስኩ። አንደኛ ወጣሁ ብልሽ ትስቂያለሽ፤ መምህሯ ግን በሁሉም ፊት «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ብትዘጋ ከሁሉም ትበልጥ ነበር» ብላኛለች። መብለጤን ተናግራለች ማለት ነው፤ የአፉን ነገር እንተወው።

ልጄ መጻፉን ለምን ተወች ብትዪኝ፣ ትምህርቷ በዝቶባት ነው። ደግሞስ ትልቅ ሰው እስከ መቼ በልጅ አፍ ያወራል? እኔ እየተናገርኩ እሷ ስትጽፍ፣ የአንቺን ደግሞ እሷ ስታነብልኝ ስንት ዘመን ሆነን። አሁን የሆድ የሆዳችንን እንጫወታለን።

«ቆሞ መዋል ሥራ ነው ወይ?» ብለው የምታስታምሚያቸው አሮጊት ጠየቁኝ ላልሽው፣ እንዲህ በያቸው። ተራራውን ታኮ የሚሄደው መንገድ እየሰፋ ነው። ግማሹ ተቆፍሯል፤ በቀረው ግማሽ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያልፈው። በዚህ ጫፍ እኔ አለሁ፤ በዚያኛው ጫፍ አንድ ሌላ ሰው አለ። እኔ እሱን ማዶ እለዋለሁ፣ እሱም እኔን ማዶ ይለኛል፤ ሁለታችንም ልክ ነን። በመሐላችን መታጠፊያ ስላለ አንተያይም። እያንዳንዳችን እንጨት ላይ የተቸነከረ ክብ ሰሌዳ አለን፤ አንዱ ፊቱ ቀይ፣ አንዱ ፊቱ አረንጓዴ። እኔ አረንጓዴውን ሳዞር የተሰለፈው መኪና ያልፋል። ለመጨረሻው መኪና ሾፌር ቢጫ ቀለም የተቀባ ዱላ እሰጠዋለሁ። መምቻ አይደለም። ሾፌሩ ወስዶ ለማዶ ያስረክባል። ማዶ ዱላው እጁ ሲገባ ያኔ መንገዱ ባዶ መሆኑን ያውቃል፤ የእሱን ወገን ይለቃል፤ በመጨረሻው መኪና ዱላዬን ይመልስልኛል። እንግዲህ ዱላው ያለበት ወገን ነው የሚሄደው። ዱላው ሳይደርሰው ሰሌዳ ያዞረ ሰው መኪና ከመኪና ያላትማል። ስለዚህ ንጉሥ ቢመጣ አላዞርም፤ ይጠብቃታል!

አሁን ደግሞ ዋናውን ስሚ። አረንጓዴውን ይህን ሁሉ ዘመን በቀለሙ ብቻ ነበር የማውቀው። መምህሯን ወስጄ ባሳያት «በእንግሊዝኛ ‹ጎ› ይላል፤ ሂድ ማለት ነው» አለችኝ። እህትዓለም፣ ቃሉን ተሸክሜ ስኖር ስሙን አላውቀውም ነበር! ሹሙን፣ ነጋዴውን፣ ሙሽራውን ሁሉ «ጎ!» እያልኩ ስሸኝ ኖሬያለሁ። መምህሯ አንድ ትርጉም ሰጥታኝ አለፈች፤ እኔ ግን ይህን የሚያህል ጉልበተኛ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ይኖራል ብዬ አላምንም። አንቺ ያለሽው ከቃሉ ባለቤቶች ዘንድ ነው። ሌላ ምን ምን እንደሚሠራ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ መምህሯን አፏን አስከፍታታለሁ።

እትዬ እንዴት ናት ላልሽው፣ ሰላም ትልሻለች። አሁን አልተመቻትም እንጂ አንድ መስመር ታስጽፈኝ ነበር።

ወንድምሽ፣ ባለ ሁለት ፊቱ (ሰሌዳውን ማለቴ ነው)


ኅዳር 20 ቀን

ለውድ ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህን ይዤ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አሮጊቷ «ማን መጣ?» ብለው ከአልጋቸው ተጣሩ። «ወንድሜ መጣ» አልኳቸው። ጆሯቸው አይሰማ፤ «ቁጭ ይበላ» አሉ።

ያ ቃልህ እዚህ የማይገባበት ቤት የለም። ወተቱ ሲበላሽ ሄደ ይላሉ። የአሮጊቷ ጆሮ መስማት ሲያቆም ልጃቸው «ጆሯቸው ሄደ» ብሎ ነው የነገረኝ። ሰዓት ሲሠራ ይሄዳል፣ ሲበላሽ አይሄድም። ቀሚስና ጫማ ቀለማቸው ከተስማማ አብረው ይሄዳሉ። የበሩ ደወል እንኳ ሲጮኽ ሄደ ነው የሚባለው። በመስኮት የማያቸው የጎረቤት ልጆች ደግሞ ጨዋታ ላይ ተራ የደረሰው «የኔ ጎ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ተራዬ ነው ለማለት። ሁሉ ነገር የሚሄድበት ቦታ ነው፤ ቁጭ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነበርኩ ያልኩህ ያለ ምክንያት አይደለም። ወረቀቴ ተፈቀደ። ልጄን ማምጣት እችላለሁ። ትቻት ስወጣ ወለሉ ላይ ትድህ ነበር፤ ስትራመድ አላየኋትም፣ ስትሮጥም አላየኋትም። እናንተ ፌንጣ ብላችሁ ስም ያወጣችሁላትን ልጅ እኔ የማውቃት በዳዴ ነው።

ግን ያሳደገቻት ሚስትህ ናት፤ እማ ብላ የምትጠራውም እትዬን ነው። የእሷን ዓይን አስለቅሼ ልጅ አልወስድም። እሷ «ትሂድ» ካለች ይሁን፤ «ትቆይ» ካለች እቆያለሁ። አንተ እንዳትመልስልኝ፤ አንተማ አፍህን አውቀዋለሁ። እሷ ትናገር፣ አንተ ጻፍ። ሦስታችሁ የተነሣችሁትን ፎቶም ላኩልኝ።

እህትህ


ጥር 4 ቀን

እህትዓለም፣

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። ብዕሩ ጨርሶብኝ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን በምን ጻፍከው እንዳትይኝ።

ቃሉን ክፍል ውስጥ ይዤ ቀረብኩልሽ። ወተቱም ይሄዳል፣ ጆሮም ይሄዳል፣ ደወልም ይሄዳል ብዬ ስዘረዝር መምህሯ ጠመኔዋን ይዛ ቀረች። አንዱ ግንበኛ «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሲሄድ ማን ይቀራል?» ቢል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን ጥያቄው ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ፎቶው ይኸው። ሁለት ሰው ብቻ ስታዪ እንዳይገርምሽ፤ የፎቶ አንሺው ክፍል ከሳጥን አይሰፋም። እትዬ ደግሞ ፎቶ እንደማትወድ ታውቂያለሽ። ልጅቷ የለበሰችው ሹራብ ክርኑ ላይ አጥሯታል፤ እትዬ ነበረች የምትሠራላት።

ምን አለች ላልሽው፣ «ትንሽ ትቆይ» ትላለች። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ። አንደኛ ብርዱ ነው። ሁለተኛ ትምህርቷ መሐል ላይ ነው። ሦስተኛ የክራንቻ ጥርሷ ገና ብቅ እያለ ነው፤ ጥርስ በሰው አገር ማብቀል መልካም አይመስለኝም። አራተኛም አለኝ፤ ረስቼዋለሁ እንጂ።

ደግሞ ሥራዬን ትረዳኛለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ከቆምኩበት ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። የመጨረሻው መኪና የቱ እንደሆነ ከእኔ በፊት ታውቃለች፤ «አጎቴ፣ ጎማ ከጫነው መኪና ኋላ የለም» ትለኛለች። ባለፈው አንድ ትልቅ ሰው ከመኪናው ወርዶ «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ከቆርቆሮው ሥር «አምስተኛው ነዎት» አለችው። ሰውየው እየሳቀ ተመልሶ ገባ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይሸኛል?

እትዬ ሰላም ትልሻለች።

ወንድምሽ


የካቲት 16 ቀን

ወንድሜ፣

ልብስ ሰፊዋን ታስታውሳታለህ፤ ከእናንተ ቤት በታች የነበረችውን። እዚህ ሥራ አግኝታ ከመጣች ሰንብታለች። ዛሬ አትክልት መሸጫው ደጃፍ ተገናኘን። እጄን ያዘችና «እትዬሽን ነፍስ ይማር፤ ዓመቷም አለፈ፤ አንቺን ሳላጽናናሽ» አለችኝ።

ሽንኩርቱ ከእጄ ወድቆ ተበተነ። እሷ ደግሞ ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች። የማላውቅ መሆኔን ያወቀችው እየለቀመች ቀና ስትል ነው።

«ትንሽ ትቆይ» ያለኝ ማን ነው? እኔ ሙት ሳማክር ነው የከረምኩት? ያን ሁሉ «እትዬ ሰላም ትልሻለች» በልጄ እጅ ነው ያስጻፍከው? እንዴት ሞተች? ማን ቀበራት? ለምን?

ልጄን ላክልኝ።


መጋቢት 9 ቀን

ለእህቴ፣

ዛሬ እንደምን አለሽ ለማለት አፈርኩ። መርዶ በአትክልት መሸጫ ደጃፍ ሊነገርሽ አይገባም ነበር።

እንዴት ላልሽው፣ ሕመሙ ብዙ አላንገላታትም። ሰኞ ራሴን አለች፤ እሑድ የለችም። ማን ቀበራት ላልሽው፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ማዶም ከዚያኛው ጫፍ መጣ፤ ያን ቀን ነው ቁመቱን በቅርብ ያየሁት።

ለምን ላልሽው ነው እጄ የሚቆምብኝ። ከቀብር የተመለስን ዕለት ልጅቷ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ማሰሪያውን ልፈታላት ጎንበስ ስል፣ ሴት የሌለበት ቤት ልጅሽን እንደማትተዪ ታወቀኝ። እሷም ከሄደች የማንን ጫማ ላወልቅ ነው አልኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብፈልግም አጣሁ።

አዎ፣ በልጅሽ እጅ አስጽፌያለሁ። መጀመሪያ ያልኳትን ጻፈች። ሁለተኛም ጻፈች። ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና «አጎቴ፣ እማ እኮ ምንም አላለችም» አለችኝ። «ጻፊ ስልሽ ጻፊ» ብዬ ጮህኩባት። «ራስህ ጻፍ» ብላኝ ወጣች። በማግሥቱ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ሰው ፊደል የሚቆጥረው ከጨለማ ለመውጣት ነው ይላሉ፤ እኔ የቆጠርኩት አንቺን ለመዋሸት ነው። እንዲያም ሆኖ አንደኛ ወጥቻለሁ።

ልጄን ላክ ላልሽው፣ ትናንት ነገርኳት። ከዚያ «ዱላው የት ነው ያለው?» አለችኝ። «እኛ ጋ ነው» አልኳት። «እንግዲያው የሚኬደው ከዚህ ነው» አለችና ደብተሯን መሰብሰብ ጀመረች።

ትመጣለች። ቃሌ ነው፤ ይኼኛው።


ሚያዝያ 22 ቀን

እህትዓለም፣

ጥያቄሽ ብዛቱ! ፈተናም እንዲህ አልተጠየቅሁ። በተራ ልመልስ።

የጫማ ቁጥሯን አላውቅም። ከወረቀቱ ጀርባ እግሯን አስቁሜ ዙሪያውን አስምሬልሻለሁ። ቀኙ ነው፤ ግራው ትንሽ ይተልቃል፤ በግራው ግዢ። መስመሩ ጣቶቹ ጋ የተንቀጠቀጠው እኔ አይደለሁም፤ እየኮረኮራት ስትስቅ ነው።

ምን ትወዳለች ላልሽው፣ የዳቦ ቅርፊት። ውስጡን ለሌላ ሰው ትታ። እስከ ዛሬ ውስጡን እኔ ነበርኩ የምበላው።

ጨለማ አትፈራም፤ ዝምታ ነው የምትፈራው። ስትተኛ ከወዲያ ክፍል ዕቃ አንኳኪላት።

ምን ብላ ትጠራኛለች ላልሽው፣ ይህን እኔ አልጽፍልሽም፤ እሷ ናት የምታውቀው።

ልብስ ሰፊዋ በፈቃድ መጥታለች፤ ስትመለስ ይዛልሽ ትመጣለች። እማ ያጠረውን ሹራብ በክንዱ ላይ ሌላ ክር ቀጥላ ረዘም አድርጋልናለች። ልብስ ሰፊዋ ማለቴ ነው። ተሳሳትኩ፤ አልሰርዘውም፤ መምህሯ የተሰረዘ ጽሕፈት አትወድም።


ሰኔ 2 ቀን

እህትዓለም፣

ይህ ሲደርስሽ ፌንጣ አጠገብሽ ናት፤ ስለዚህ ድምፅሽን ቀነስ አድርገሽ አንብቢው።

ለምን እስከ አየር ማረፊያው አልሸኘሃትም ብትዪኝ፣ አለቃዬ ፎርማኑ ፈቃድ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የአገሩን ሰው ሁሉ ሸኝቼ የራሴን ልጅ ሌላ ሰው አረንጓዴ ያሳያት? አውቶቡሱ መጣ። መጀመሪያ ላይ ነበር የተሰለፈው፤ ዳር አስያዝኩትና ከኋላው ያሉትን ሁሉ አስቀደምኩ። ሾፌሩ «ምን በደልንህ?» አለኝ። «ትንሽ ትቆይ» አልኩት። አንዲት መኪና እንኳ ከኋላው እስክትጠፋ አዘገየሁት። በመጨረሻ እሱ ብቻ ቀረ።

የመጨረሻው እሱ ስለሆነ ዱላው በእሱ መሄድ አለበት። ለሾፌሩ ልሰጥ ስጠጋ ከኋላ መስኮት የልጅቷ እጅ ወጣ። ሰጠኋት። «ለማዶ ስጪው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ሰሌዳውን አዞርኩ። ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማዶ ነው የነገረኝ። አውቶቡሱ ቀስ ሲል እጁን ዘርግቶ «ዱላውን» ይላል። ሾፌሩ «ለኔ አልሰጠኝም» ይለዋል። እሷ በመስኮት ብቅ ብላ «ለኔ ነው የሰጠኝ» ትለዋለች። «አምጪዋ!» «አይሆንም!» አውቶቡሱ ተፈተለከ። ማዶ እኮ ሽማግሌ ነው፤ እስከ ድልድዩ ሮጠ አሉ። ተመልሶም ቀዩን ይዞ ቆመ። እኔም በዚህ ቀዩን ይዤ ቆሜያለሁ። በመሐላችን ያለው መንገድ ድመት እንኳ የማያልፍበት ባዶ ነው፤ መኪናው ግን በሁለቱም ወገን እስከ ዓይን መጨረሻ ተሰለፈ። ጥሩምባው፣ ስድቡ! አንዱ «መንገዱ ባዶ ነው እኮ፣ አንተ ድንጋይ!» ይለኛል። «ዱላው ሳይደርሰኝ አላዞርም» እለዋለሁ። ማዶም በዚያ ወገን ቃል በቃል ያንኑ ሲመልስ ነበር አሉ። ፎርማኑ ላቡ እየተንጠባጠበ ከወዲያ ወዲህ ሮጦ፣ ሌላ እንጨት ቆርጦ፣ ቢጫ ቀብቶ አመጣልን። ቀለሙ ስላልደረቀ የሾፌሮቹ እጅ ሁሉ ያን ቀን ቢጫ ሆኖ ዋለ።

ማዶ የቆመው ለደንቡ ነው። እኔ ግን ለደንቡ አልነበረም። ሁሉም መኪና ቆሞ ሳየው እሷም ያልሄደች መሰለኝ።

ፎርማኑ የድርጅቱን ዱላ አምጣ እያለ ይነዘንዘኛል። ሰው ስታገኚ ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 25 ቀን

ወንድምዓለም፣

ደርሳለች። ጫማው ልክ ሆኗታል። ተቆጥቼህ ነበር፤ አሁንም በደንብ አልበረደልኝም፤ ያን ያሰመርከውን እግር ግን አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ።

ምን ብላ እንደምትጠራኝ ልንገርህ። «እርስዎ» ነው የምትለኝ። «ውሃ ይጠጣሉ?» «መብራቱን ላጥፋልዎት?» ቤት እንደምታጸዳ ሠራተኛ እየተጠነቀቀች ትኖራለች። አሮጊቷን ግን «አንቺ» ትላቸዋለች፤ ጆሯቸው ስለማይሰማ እየጮኸች ስለምታወራቸው ወደዋታል። የዳቦውን ውስጥ ለይታ ሳህን ዳር ታስቀምጣለች። እኔ ብበላው ቅር ይላታል መሰለኝ፤ እስካሁን አልነካሁትም።

ዱላውን ከትራሷ ሥር ነው የምታሳድረው። «አጎትሽ ይፈልገዋል፤ በሰው እንላከው» ብላት ተነሥታ ይዛው ቆመች። «እሱ እዚህ እስካለ ድረስ የሚኬደው ከዚህ ወደዚያ ነው» አለችኝ። «ከሰጠሁዎትማ ተራው ያልፋል።»

ትምህርት ቤት እዚህ ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው። አስተማሪዋ ጠርታኝ «ተራሽ ነው ስንላት ከጨዋታው ወጥታ ቦርሳዋን ታነሣለች» አለችኝ። ያ ቃልህ ነው፤ ጎ ሲሏት እውነት ሂጂ ያሏት መስሏት ነው። እኔ ለአስተማሪዋ ምን ብዬ ላስረዳት?

ምከረኝ። ዱላውን ልቀማት? ወይስ ልተወው?

እህትህ


ጥቅምት 8 ቀን

እህትዓለም፣

አትቀሚያት።

ለፎርማኑም አታስቢ። መንገዱ አለቀ። አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ያበራል፤ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያልፋል፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። በመጨረሻው ቀን ማዶ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ ተነሥተን መታጠፊያው ላይ ተገናኘን። ያን ሁሉ ዘመን ስንሠራ መሐሉን ሁለታችንም በእግራችን ረግጠነው አናውቅም ነበር። «ማዶ» አለኝ። «ማዶ» አልኩት። ሌላ መንገድ ላይ ሥራ አግኝቶ ሄደ። አንተን ለምን አልወሰዱህም ብትዪኝ፣ ዱላ የሚያስበላ ሰው ስም ይወጣለታል። እየፈለግሁ ነው።

ማታ ማታ እንግሊዝኛ ጀምሬያለሁ፤ ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝ፤ መምህሩ ይረዳኛል። ቤቱ እንዴት ነው ላልሽው፣ ዳቦ ስገዛ ቅርፊቱን አላውቅበትም፤ ይደርቅና ለወፍ እበትነዋለሁ። ሌላው ደህና ነው።

ለአስተማሪዋ ምንም አታስረጂ። ልጅቷ አልተሳሳተችም። ቦርሳዋን ስታነሣ ግን አንቺ አብረሻት ቁሚ፤ ብቻዋን በር ላይ እንዳትቆም። ምናልባት አንድ ቀን «እርስዎ» ማለቱን ትረሳለች። ስትረሳ ጻፊልኝ። ደስ ይለኛል ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን ጻፊልኝ።

ሰሌዳዎቹን ሲሰበስቡ የእኔን «ጠፋ» አልኳቸው። ዱላ ያጠፋ ሰው ሰሌዳ ቢያጠፋ ማን ይገረማል? ቤት አምጥቼ መስኮቱ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ልትሸጥ ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ቀዩ ፊት ወደ ክፍሉ፣ ወደ እኔ ነው። አረንጓዴውን ወደ መንገዱ አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ ወገን ለሚመጣ ሰው ከሩቅ ይነበባል።

ወንድምሽ